ወርቅ ጥርሱ ዛሬም አመለጠ

«አጥሩን ዘለለ፣ መኪናው ላይ ተንጠለጠለ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ሳቀባቸው፣ ሄደ!»

ኢልሃን ይህን በሶማሊኛ ተናግራ እጇን ስታጨበጭብ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ።

«ደግሞ አመለጠ?»

«ሁልጊዜ ያመልጣል! አታላዮች ናችሁ!»

«ይያዝ በቃ! ይያዝ!»

አንዱ ጠጠር አንስቶ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀለውን ወረቀት መታበት። ጠጠሩ ወረቀቱ ላይ የተሣለውን ክፉ ሰውዬ ግንባሩን በሳው። ልጆቹ በደስታ አበዱ።

ቤርሳቤህ ሮጣ ወረቀቷን አወረደች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሥዕሉን የምትሥለው እሷ ናት፤ ታሪኩን ለልጆቹ የምትናገረው ደግሞ ጓደኛዋ ኢልሃን። ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። አባቷ ገነነ ከኢትዮጵያ መጥቶ ሀርጌሳ ውስጥ የፈረሱ ቤቶችን የሚጠግን ግንበኛ ስለሆነ ባዶ ከረጢት አያጣም። ከረጢቱ በጥንቃቄ ከተቀደደ፣ በመሀል ያሉት ሽፋኖች ሲሚንቶ ስለማይነካቸው ንጹሕ ናቸው። ቤርሳቤህ እነሱን ዘርግታ ሳጥን ሳጥን አድርጋ ታሰምርና በየሳጥኑ በከሰልና በእስክሪብቶ ትሥላለች። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሥዕሉ ጣሪያ በሌለው ክፍል ውስጥ ይሰቀላል። የክፍሉ ቆርቆሮ በፊተኛው ጦርነት ተነቅሎ ተወስዷል፤ በሩም፣ መስኮቱም እንደዚያው። ልጆቹ የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው።

ክፉው ሰውዬ ኢልካ ዳሃብ ይባላል፤ ወርቅ ጥርስ ማለት ነው። ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ እጁ እንደ አካፋ የከበደ ነው። የውሃ መኪና ይዘርፋል፣ ሠርግ መሀል ይተኩሳል፣ የአሮጊት ፍየል ይቀማል። መጨረሻው ሳጥን ላይ ግን ሁልጊዜ ወርቅ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ እየሳቀ ይሄዳል።

ትንሿ ዛምዛም የቤርሳቤህን ቀሚስ ጎተተች። «ለምንድን ነው የማይያዘው?» አለች። ልታለቅስ ተቃርባለች።

ቤርሳቤህ ሶማሊኛ ትሰማለች እንጂ ስትናገር ያደናቅፋታል። ወደ ኢልሃን ዞራ በአማርኛ፣ «ምን ልበላት?» አለች።

«አቦ፣ እሱ ከታሠረ ለሐሙስ ምን እናወራለን በያት» አለች ኢልሃን እየሳቀች። ኢልሃን በስደት ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ የድሬ ልጅ አማርኛ ነው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ግን ኢልሃን መሳቋን ተወች። ከአየር ማረፊያው በኩል ተኩስ ይሰማል። ጦርነቱ አብቅቷል ተብሎ ሰው ሁሉ ከስደት ተመልሶ ነበር፤ አሁን ደግሞ የጎሳ ታጣቂዎች እርስ በርስ መዋጋት ጀምረዋል። መንገድ ዳር አንድ ቤተሰብ ፍራሽና ድስት መኪና ላይ እየጫነ ነው።

«ቤሪ፣ ለሚቀጥለው ይያዝ» አለች ኢልሃን። «እንጨት ላይ እሰሪው። ከዚያ ይረሽኑት። ግን መጀመሪያ እጁን ይቁረጡት። ቀኝ እጁን።»

ቤርሳቤህ ለምን ቀኝ እንደሆነ አልጠየቀችም። የኢልሃን ታላቅ ወንድም ፉዓድ ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ገመድ ወጥረው የሚያስቆሙ ታጣቂዎች ጋ ሲደርስ ተኮሱበት። ሐኪሞቹ ቀኝ እጁን ከአንጓው በላይ ቆረጡት። ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ አልነበረም። ፉዓድ ሲነቃ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወርቅ ጥርስ አየሁ።» ኢልካ ዳሃብ የተወለደው ያን ቀን ነው።

«እቆርጠዋለሁ» አለች ቤርሳቤህ።

ሳምንቱን ሙሉ ሣለች። እናቷ ሸዋርካብሽ ደጋግማ መጥታ በትከሻዋ በኩል ታይና ታማትብ ነበር።

«በማርያም! ይሄ ደም ነው?»

«ከሰል ነው እማዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው እየሸሸ ነው። ተኩስ ስትሰሚ ምን ታደርጊያለሽ?»

«መሬት እተኛለሁ።»

«መስኮት አጠገብ?»

«አይ፣ ግድግዳ ሥር። ስንቴ ልንገርሽ?»

«እስኪበቃኝ» ትላለች ሸዋርካብሽ። አይበቃትም፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጠይቃለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ አለቀ። ከሠራችው ሁሉ የበለጠ ነው። ኢልካ ዳሃብ እንጨት ላይ ታስሯል፤ ቀኝ እጁ መሬት ላይ ወድቋል፤ ጠመንጃዎች ደረቱ ላይ ተደግነዋል። ቤርሳቤህ ወረቀቱን ጠቅልላ በብብቷ ያዘችና ለኢልሃን ልታሳያት ወደ ሰፈሯ ወደ ጋአን ሊባህ በረረች።

የእነ ኢልሃን በር ላይ ብዙ የወንድ ጫማ ተደርድሯል። እንግዳ አለ ብላ ልትመለስ ነበር፤ ግን ሥዕሉን ለማሳየት ቸኩላለች። እንደ ቤተኛ ሳታንኳኳ ገባች።

ግቢው ውስጥ በሸራ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ሩዝና የፍየል ሥጋ የተከመረበት ሰፊ ትሪ አለ። ፉዓድ በግራ እጁ ማንኪያ ይዞ ይበላል። ከፊት ለፊቱ አንገቱ የቀጠነ፣ ሸሚዙ የሰፋው አንድ ወጣት ተቀምጧል። ዕድሜው ሃያ አይሞላም። የኢልሃን እናት ፋዱሞ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዛ ስትመጣ ወጣቱ እጁን ሊታጠብ ዘረጋ፤ ቀና ብሎ አመሰገናት።

አፉ ሲከፈት ወርቅ ጥርሱ ብልጭ አለ።

ወረቀቱ ከቤርሳቤህ ብብት ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ለምን እንዳነሳችው አታውቅም። ወጣቱ አያት። ፉዓድም አያት። ማንም አልጮኸም። ይህ ነው ይበልጥ ያስደነገጣት፤ ማንም አለመጮኹ። የጀመረውን ሊጨርስ መጥቷል፣ እነሱ ግን አላወቁትም፣ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ አለች በልቧ።

ወደ መንገድ ሮጣ ወጣች።

«ኢልካ ዳሃብ!» ብላ ጮኸች። «ኢልካ ዳሃብ እዚህ ነው! ፉዓድ ጋ ነው! ድረሱ!»

ልጆች ከየአጥሩ ብቅ አሉ። ሴቶች በሮቻቸውን ከፈቱ። ከታች በኩል የፉዓድ አጎት ልጅ ዋይስ ከግንባር ሲመለስ ነበር፤ አቧራ እንደለበሰ፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ። ስሙን ሲሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀም። የጠመንጃውን መቀርቀሪያ ስቦ ወደ በሩ ሮጠ።

በዚያው ቅጽበት ወጣቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር በሩ ላይ ደረሰ። ዋይስ ሲያየው ቆመና አነጣጠረ። ወጣቱ አልሸሸም። እጁን እንኳ አላነሳም። አገጩ ላይ የሩዝ ፍሬ ተጣብቋል።

ፋዱሞ ከሽማግሌዎቹ መሀል ወጣች። ራሷ ላይ የነበረውን ሻሽና ነጠላ መሳይ ጋርባሳሯን ገፈፈችና ወጣቱ ራስ ላይ ጣለችው። ሽበት የጣለበት ጸጉሯ በአደባባይ ተራቆተ።

ወንዶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ሰበሩ። ዋይስ የአክስቱን ጸጉር አይቶ አያውቅም፤ ፊቱን አዞረ፤ ጠመንጃው አብሮት ዞረ።

«ኤዶ፣ አክስቴ፣ ይሸፈኑ» አለ በለሆሳስ። «እባክዎ ይሸፈኑ።»

«አፈሙዙን አውርድና እሸፈናለሁ» አለች ፋዱሞ።

«የፉዓድን እጅ የበላው እሱ ነው!»

ሽማግሌው ጀማሉዲን በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ትናንት ተጨርሷል ዋይስ! ሁለቱም ወገን ቃል ሰጥቷል። አንተ ስላልነበርክ አልሰማህም። ልጁ የገባው በእኛ ቃል ነው፤ በእኛ ቃል ይወጣል። ብትነካው ነገ በአየር ማረፊያው መንገድ አንድ ሰው አያልፍም።»

ዋይስ ጠመንጃውን አወረደ። ትንፋሹ እንደሮጠ ፈረስ ነበር። ፋዱሞ ግን ጋርባሳሯን አልወሰደችም። የልጇን እጅ ያሳጣውን ልጅ አንጓ ይዛ፣ ራሷን እንደተራቆተች፣ በሰው ሁሉ መሀል እየመራች እስከ መንገዱ ማዶ ወሰደችው። እዚያ የእሱ ሰዎች በመኪና ይጠብቁታል።

ቤርሳቤህ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቀረች። ኢልሃን መጥታ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻትና ከአጥሩ ጀርባ ጎትታ ወሰደቻት።

«አበድሽ? አንቺ አበድሽ?»

«ሊገድለው የመጣ መስሎኝ!»

«ሩዝ በልቶ ነው የሚገድለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ወርቅ ጥርሱን አየሁ፤ ሌላ ነገር አላየሁም። ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔም ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ለእኛ ለሴቶች ልጆች ማን ይነግረናል?» ኢልሃን እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ዘመዶቹ የተኮሰው የእኛ ልጅ ነው ብለው የካሳ ግመል ነድተው አመጡ። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። ከዚያ መጥቶ ከፉዓድ ጋር ካንድ ትሪ ይብላ ተባለ፤ ሲበላ አለቀ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ነገ የእሱ ሰዎች መንገዱን ይከፍቱታል። ሰው ልጆቹን ይዞ ይወጣል።»

«እሺ፣ እሱስ? እሱ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«አይታሠርም?»

«የት? የቱ እስር ቤት ነው? የማን?»

«ታዲያ አመለጠ ማለት ነው» አለች ቤርሳቤህ።

ኢልሃን ቤርሳቤህ በብብቷ የያዘችውን ጥቅል አየች። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«ነገ እንዳታመጪው።»

«አንቺ እኮ ነሽ እጁን ቁረጪው ያልሽኝ!»

«ያኔ ስም አልነበረውማ! አሁን ጂብሪል ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ባንቺ ጩኸት ወጥተው አዩት። ነገ ተረሽኖ ቢያዩት ምን ይላሉ? የእሱ ወገን ልጆችም እዚያ ክፍል ነው የሚማሩት። ወረቀቱ እቤታቸው ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል።» ኢልሃን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወላሂ ካመጣሽው እኔ አልናገርልሽም። ከዚያም በኋላ አላውቅሽም።»

ትታት ገባች።

ወሬው ከቤርሳቤህ ቀድሞ እቤቷ ደርሷል። ሸዋርካብሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጇን ስታይ መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ጭንቅላቷን በእጇ ዳሰሰች፤ ምንም እንዳልሆነች ስታውቅ ነው የተቆጣችው።

«ተኩስ ስትሰሚ መሬት ተኚ እልሻለሁ፤ አንቺ ጠመንጃውን ጠርተሽ ታመጫለሽ? በሰው አገር! እነሱ ያሰሩትን ቃል አንቺ ልትፈቺው?»

«አላወቅሁም እማዬ።»

«ካላወቅሽ መጀመሪያ መጠየቅ ነዋ! ያንን ወረቀት እሳት ውስጥ ክተቺው።»

ቤርሳቤህ ጥቅሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «ፉዓድን እጁን አሳጣው። መጣ፣ ሥጋ በላ፣ ሄደ። እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ አይቀጣ?»

ሸዋርካብሽ ደፉ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን አሻሸች።

«ያቺ ሴትዮ ያደረገችውን ነገሩኝ» አለች። «ከነገሩኝ ጀምሮ እያሰብኩት ነው። አንቺን እንደዚያ ያደረገብኝን ሰው እጁን ይዤ ልሸኘው? እኔ አልችልም ልጄ። እውነቴን ነው። አልችልም።»

ቤርሳቤህ እናቷ እንዲህ ያለ ነገር ስትናገር ሰምታ አታውቅም። ትክክል ናት ትላለች፣ ወይም ስህተት ናት ትላለች ብላ ነበር የጠበቀችው።

ሸዋርካብሽ ስለ እሳቱ ሁለተኛ አላነሳችም።

በማግስቱ ከአየር ማረፊያው በኩል ተኩስ አልተሰማም። መኪኖች ፍራሽና ሕፃናት ጭነው በዋናው መንገድ ያልፋሉ። ቤርሳቤህ ትምህርት ሲያልቅ ወደ ክፍሉ አልሄደችም። ጥቅሉን ይዛ ወደ ጋአን ሊባህ ወረደች። የምትናገረውን መንገድ ላይ ስታዘጋጅ ሄዳ ስትደርስ ሁሉም ጠፋባት።

ፉዓድ ቤቱ ፊት ለፊት በቆመው ሚኒባስ ውስጥ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። መስታወቱ ላይ የጥይቱ ቀዳዳ አለ። በግራ እጁ ጨርቅ ይዞ መሪውን ያጸዳል።

«መጣች የከተማው መለከት» አለ በአማርኛ። እሱም የድሬዳዋ ልጅ ነው። «ዛሬስ ማንን ይዘሽ ነው?»

ቤርሳቤህ ፊቷ ጋለ። «ይቅርታ። እኔ እኮ…»

«ገባኝ። እኔን ልታድኚ ነው የጮኽሽው። ከዚያ ሁሉ ሰው ለእኔ የጮኸ አንቺ ብቻ ነሽ።» ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «ግቢ፣ ተቀመጪ።»

ከጎኑ ተቀመጠች። «ይቅር አልከው?» አለች።

«ማን ነው ይቅር አለው ያለሽ?»

«አብረኸው በላህ።»

«በላሁ። ሩዙ አሸዋ አሸዋ ይለኝ ነበር። እሱም እንደዚያው ይመስለኛል፤ አንድ ጉርሻ ነው ሲያላምጥ የቆየው።» ፉዓድ ጨርቁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ይሄው መኪኖቹ እያለፉ ነው። እናቴ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም ለዚህ ነው አብረኸው ብላ ያሉኝ። እኔ እምቢ ብል ይሄ መንገድ አይከፈትም። እሺ አልኩ። እሺ ማለትና ይቅር ማለት አንድ መሰለሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ።»

አንድ የጭነት መኪና አልፎ ሚኒባሱን አነቃነቀው። ቤርሳቤህ አቧራው እስኪያልፍ ጠበቀችና፣ «ሲተኩስብህ ይስቅ ነበር አይደል?» አለች።

ፉዓድ ዞሮ አያት። «ማን ነው ይስቅ ነበር ያለሽ?»

«አንተ። ወርቅ ጥርሱን አየሁ ብለሃል።»

«ጥርሱን አየሁ አልኩ። አፉን ከፍቶ ይጮህ ነበር። ቁም! ቁም! ይላል። ፍሬኑ እምቢ አለኝ። መኪናዋ ወደ እሱ እየሄደች ነበር።» ፉዓድ የተበሳውን መስታወት አየ። «ፈርቶ ነበር። እንደ እኔ። አሁን ይሄን ሳውቅ እጄ የሚበቅል ከሆነ ንገሪኝ።»

ቤርሳቤህ በዚያ ሁሉ ሳምንት፣ በዚያ ሁሉ ሳጥን ውስጥ የሣለችው ሳቅ ከየት እንደመጣ አሰበች። ማንም አልነገራትም። ክፉ ሰው ስለሆነ ይስቃል ብላ ራሷ ናት የሣለችው።

ጥቅሉን በሁለት እጇ አወጣች። ልጆቹ አሁን ክፍሉ ውስጥ እየጠበቁ ነው። ብትወስደው፣ በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን ጭብጨባ ትሰማለች። ኢልሃን ግን ከዚያ በኋላ አታውቃትም፤ ወሬውም የጂብሪል ሰዎች ቤት ይገባል፤ መኪኖቹም… ብታቃጥለው ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ሳያየው ሊቀር ነው።

«ይሄ ያንተ ነው» አለች።

ፉዓድ ወረቀቱን መሪው ላይ ዘረጋው። እንጨቱን አየ፣ ገመዱን አየ፣ የተደገኑትን ጠመንጃዎች አየ። መሬት ላይ የወደቀው ቀኝ እጅ ጋ ሲደርስ ዓይኑ እዚያው ቀረ። ቤርሳቤህ ጣቶቹን አንድ በአንድ የምታይ ያህል አጥርታ ሥላቸው ነበር። ቤርሳቤህ የሚናደድ ወይም የሚያለቅስ መሰላት። ሁለቱንም አላደረገም።

«ጎበዝ ነሽ» አለ።

ከዚያ ያጥፈው ጀመር። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ተጭኖ በክርኑ ይይዛል፤ አንዱን ጫፍ ሲያመጣ ሌላው ያመልጠዋል። ቤርሳቤህ ልታግዘው እጇን ሰነዘረችና መልሳ ሰበሰበችው። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ብዙ ታገለው። በመጨረሻ አጠፈውና ከመቀመጫው ሥር አስገባው።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«ገና አላወቅሁም። አንዳንድ ቀን አየዋለሁ። አንድ ቀን ምናልባት እቀደዋለሁ፤ ግን እኔ ነኝ የምቀደው።» ጨርቁን መልሶ አነሳ። «ለልጆቹስ ምን ልትያቸው ነው?»

«አላውቅም» አለች ቤርሳቤህ። ከሚኒባሱ ወረደች።

ክፍሉ ጋ ስትደርስ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ልጆቹ ከወትሮው በዝተዋል፤ የትናንቱን ያላየ እንኳ ሰምቶ መጥቷል። ሥዕሉ የሚሰቀልበት ሚስማር ባዶ ነው። ኢልሃን ከፊት ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ እጆቿን ጉልበቷ መሀል ቀብራለች። ቤርሳቤህን ስታይ ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው ፊቷን አልነበረም፤ እጆቿን ነበር።

«ወረቀቱስ?» አለ አንዱ።

«ደብቃዋለች!»

«ተያዘ? ዛሬ ተያዘ አይደል?»

ቤርሳቤህ ኢልሃን እንድትናገርላት አልጠየቀቻትም። «ዛሬ ሥዕል የለም» አለች በሶማሊኛ፣ እየተደናቀፈች። «ያ ታሪክ አልቋል። እኔ አልሥለውም።»

«ሰነፍ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሌላው አፏጨ። አንድ ልጅ ተነስቶ አቧራውን ከሱሪው አራገፈና፣ «ጊዜያችንን በላችው» እያለ ወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዛምዛም ግን አልተነሳችም።

ቤርሳቤህ ሁሉንም ቆማ ሰማች። ኢልሃን ድንጋዩ ላይ ወደ ጫፉ ፈቀቅ አለችላት።